የአስታማሚዎች ወንፈል

ሦስት ሠራተኞች ነበርን፤ አልጋው አሥራ ሁለት። ጣሊያን አገሩን በያዘ በሦስተኛው መስከረም፣ መተማ ላይ ለአገሬው ሰው ተብሎ የተሠራው ሐኪም ቤት ይኸው ነበር፦ አንድ ረጅም የጭቃ ቤት፣ የሣር ክዳን፣ የመተማ ሰው በሱዳኖቹ አፍ «አንገሬብ» የሚለው የጠፍር አልጋ በሁለት ረድፍ፣ እና እኛ። ዶቶሬው፣ ጣሊያኑ ሐኪም፣ ሰኔ ላይ ወደ ጎንደር ወጥቶ መንገዱ ተዘግቶበት ቀርቷል። የመተማን የክረምት ጭቃ የረገጠ ሰው ያውቀዋል፤ እንኳን መኪና በቅሎም አያሳልፍ። ስለዚህ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ሐኪም የለም፣ ተጨማሪ ሰው የለም፣ ያለነው እኛው ነን።

አለቃችን ከመረብ ማዶ የመጡ፣ መርፌ መውጋትንና ኪኒን መስጠትን በጦር ሐኪም ቤት የተማሩ ሰው ነበሩ። ሹሙ እንላቸው ነበር። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው፣ ቁጣቸው ሁልጊዜ ትኩስ። ሁለተኛዋ የመተማ ተወላጅ፣ ሙስሊም፣ ነጋዴ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ለበሽተኞች ያበስላሉ፣ ዓረብኛውንም አማርኛውንም እኩል ይናገራሉ። እኔ እትየ እላቸዋለሁ። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ከደጋ በጋብቻ ወርጄ፣ ባሌ ከግመል ነጋዴዎች ጋር ገዳሪፍ ሲመላለስ ቤት ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ አንገፍግፎኝ ሥራ የገባሁ የሃያ ሁለት ዓመት ሴት። ምላሴም እግሬም አያርፍም። ውሃ እቀዳለሁ፣ በሽተኛ አጥባለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ትውከት እጠርጋለሁ፤ በተረፈኝ ጊዜ ከሹሙ ጋር እጨቃጨቃለሁ። የጣሊያን ሐኪም ቤት ገባች ብለው ፊት የነሱኝ ጎረቤቶች ነበሩ። ንዳድ ሲይዛቸው ግን እነሱም መጡ፣ እኔም አጠብኳቸው።

በቆላው መስከረም ላይ ሁለት ነገር አብሮ ይደርሳል፤ ሰሊጥና ንዳድ። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም። ሁለት ሦስት ቀን ካሳለፉት አፉን ይከፍትና ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሰዋል፤ የዓመት ልፋት ለጉንዳን። ንዳዱም እንዲሁ ነው። ጠዋት ማጭድ ይዞ የወጣ ጎልማሳ ከሰዓት በኋላ እየተንቀጠቀጠ በቃሬዛ ይመጣል። ከሸሕዲ በኩል ይመጣሉ፣ ከወንዙ ማዶ ይመጣሉ፣ አንዳንዴም ከአብርሃ ጅራ ድረስ።

በሽተኛ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ቃሬዛውን የተሸከሙት ሁሉ አብረውት ይቀራሉ። ወንድም ይቀራል፣ ሚስት ትቀራለች፣ አማች ይቀራል፣ አጎትም ይጨመራል። መሄድ ቢፈልጉም አይችሉም። «በሽተኛውን ጥሎ ሄደ» የተባለ ሰው ከዚያ ወዲያ በአገሩ ቀና ብሎ አይሄድም። ስለዚህ ለአሥራ ሁለት በሽተኛ አርባ ስምንት ጤነኛ ሰው ግቢያችን ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ቀን ቆጥሬያቸዋለሁ። ሰሊጣቸው ማሳው ላይ እየፈሰሰ እነሱ የበሽተኛቸውን ፊት እያዩ ይተክዛሉ።

ሹሙ ይህን ሕዝብ አይወዱትም። «ውጡ! አየር አሳጣችሁት!» ሲሉ ይውላሉ። ይወጣሉ፤ ሹሙ ዞር ሲሉ ተመልሰው ይገባሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ያለ እነሱ አንድ ቀን አናድርም ነበር። ማን ያነሣል? ማን ያገላብጣል? ማን ደግፎ ወደ ውጭ ያወጣል? ስለዚህ ደንብ ነበረን፤ ዶቶሬው ያወጣው፣ ሹሙ እንደ ጸሎት የያዙት። አስታማሚ የሌለው በሽተኛ አይገባም።

በዚህ ደንብ ከበር የሚመለሱት እነማን ነበሩ? ለአጨዳ ከደጋ የወረዱ፣ እዚህ አገር ዘመድ የሌላቸው ልጆች ናቸው። ከመስቀል በፊት አንዱን መለስነው። ገበያው ዳር ካለው ዛፍ ሥር ሞቶ ተገኘ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነበርኩ፤ ሹሙ «ዝጊ» ብለውኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሹሙን አላናገርኳቸውም፣ ራሴንም ጠላሁት።

ከመስቀል ማግስት፣ ረፋዱ ላይ፣ ሁለት ግመል ነጂዎች አንድ ሰው ከግመል አውርደው በራችን ላይ አስተኙ። መንገድ ዳር ወድቆ አገኘነው አሉ። ማን እንደሆነ አናውቅም አሉ። ግመሎቻቸውን ነድተው ሄዱ። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። የለበሰው ወፍራም የደጋ ጋቢ ነው፣ ለቆላ የማይሆን። ከንፈሩ አመድ መስሏል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ሹሙ መጥተው ከበላዩ ቆሙ።

«አስታማሚው የት አለ?»

«ያለው አይመስለኝም» አሉ እትየ ቀስ ብለው።

ሹሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደንብ ከያዙ ግን ሞተው ይገኛሉ እንጂ አይለቁም። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩና በሩን በአገጫቸው አሳዩኝ። ያው ትእዛዝ ነው። ደሜ ፈላ። ሁለተኛ ያንን በር በሰው ላይ አልዘጋም አልኩ በልቤ። ከዚያ ምን እንደምል ሳላስብ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ «ወንድሜ ነው!» አልኩ።

እትየ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ምንሽ ነው?» አሉ ሹሙ።

«ወንድሜ ነው አልሁዎ! የናቴ ያባቴ ልጅ!»

«ስሙ ማነው?»

ደጋ የተውኩትን የታናሽ ወንድሜን ስም ሰጠኋቸው። አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩና ጻፉት። አልጋ ስላልነበረ ከቤቱ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር፣ ሰሌን አንጥፈን እንድናስተኛው ፈቀዱ። ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«እንግዲህ አስታማሚው አንቺ ነሽ። ሥራሽንም ትሠሪያለሽ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ውሃ ቢያጣ፣ የአንዱ ኪኒን ቢዘገይ፣ እሱም ይወጣል፣ አንቺም ትወጫለሽ። ተግባባን?»

«ተግባብተናል!» አልኩ። እንዴት ደስ አለኝ! አንድ ቃል ተናግሬ አንድ ሰው አስገባሁ። እሱን በእግሩ አቁሜ እስካልሸኘሁት ድረስ አላርፍም ብዬ ማልኩ።

ሁለት ቀን ሮጥኩ። ወንዝ እወርዳለሁ፣ የውሃ ቆርቆሮውን ሞልቼ እወጣለሁ፣ አሥራ ሁለቱን አጠጣለሁ፣ ወደ ጀርባ እሮጣለሁ፣ የልጁን ራስ ቀና አድርጌ ኪኒኑን አስውጠዋለሁ፣ ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ አደርግለታለሁ፣ እንደገና ወደ ወንዝ። ትኩሳቱ ሲመለስበት ይቃዣል፤ ሲለቀው በትልልቅ ዓይኖቹ ያየኛል፣ አይናገርም። ሹሙ የኪኒን ድርሻውን በወረቀት ጠቅልለው መስኮቱ ላይ ያስቀምጡልኛል፤ እኔ አንሥቼ እወስድለታለሁ። ልጁ በሁለተኛው ቀን ትንሽ አጥሚት ጠጣ። እኔ ግን አለቅኩ። ከሰዓት በኋላ ውሃ የሞላ የቤንዚን ቆርቆሮ ራሴ ላይ እንዳለ ግቢው መካከል ቁጭ አልኩ፣ ውሃው ቀሚሴ ላይ ተደፋ።

ከመሬት ሆኜ ግቢውን አየሁት። ለካ እስከዚያ ቀን አይቼው አላውቅም! አሥራ ሁለት በሽተኛ፣ አሥራ ሁለት ጉልቻ፣ አሥራ ሁለት ጭስ። አሥራ ሁለት ሴት እያንዳንዷ ገንቦዋን አዝላ ወንዝ ወርዳ እየተመለሰች ነው። ሁሉም ያንኑ አጥሚት ለየብቻ ያማስላል። በዚያ ላይ ሠላሳ ምናምን ሰው ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ዝንብ ይከላከላል። መሀል ላይ እኛ ሦስት ሰዎች ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ጋር እየተጋፋን፣ ውጡ እያልን፣ ጊዜያችንን ግማሹን በጩኸት እንጨርሳለን። ዛሬ ዛሬ ሐኪም ቤት ስሄድ «ሰው አነሰን» ሲሉ እሰማለሁ፤ እውነት ይሆናል። ያን ቀን ግን የእኛ ችግር ሰው ማነሱ አልነበረም። ሰው በዝቶ፣ እጅ ጠፍቶ ነበር።

ብድግ አልኩ። ውሃው እየተንጠባጠበብኝ ቆርቆሮውን ገልብጬ ላዩ ላይ ወጣሁ።

«ስሙኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ሰሊጣችሁ እየፈሰሰ አይደለም ወይ? ምን ታደርጋላችሁ እዚህ? ለያንዳንዱ በሽተኛ አንዳንድ ሰው ይቅርና ሌላው ሄዶ ይጨድ! የቀረውም የራሱን በሽተኛ ብቻ ሙጭጭ ብሎ አይያዝ። ውሃ የሚቀዳ ለሁሉ ይቅዳ! እሳት የሚያነድ ለሁሉ ያንድድ!»

ግቢው ተንጫጫ። አንዷ ሴት እንባዋ መጣ። «ባሌን በባዳ እጅ ጥየ ልሂድ? የሰው መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?» አለች። አንድ ጎልማሳ ደግሞ «የናንተን ሥራ በኛ ልትጭኝ ነው» አለና ብዙ ሰው አሳቀብኝ። ሹሙ በር ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው ያዩኛል። ተዋርጄ ልወርድ ስል አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። ከሸሕዲ ወዲህ ካለ መንደር ሚስታቸውን በቃሬዛ ይዘው የመጡ ገበሬ ናቸው፤ እስከዚያ ቀን ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም።

«ቆዩ» አሉ። «ልጅቱ የምትለው ወንፈል ነው እኮ።»

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ሰሊጥ በወንፈል ስናጭድ በራሱ ማሳ ላይ ሙጭጭ የሚል ማን አለ? ዛሬ ሁላችን ያንተን፣ ነገ ሁላችን የኔን። ታዲያ ሰው ከሰሊጥ ያንሳል? ማስታመሙንም በወንፈል እንያዘው። የሄደው መጀመሪያ የበሽተኞቹን ማሳ ይጨድ። የቀረው ሁሉንም ያስታምም። በሦስት በሦስት ቀን እንለዋወጥ። ጥሎ ሄደ የሚባል አይኖርም፤ እጁ ወንፈሉ ውስጥ አለ።»

እጁ ወንፈሉ ውስጥ አለ! ይህን ሲሉ ልቤ ጮቤ ረገጠ። እኔ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮሄ ያላሳመንኩትን ሰው ሽማግሌው በአንዲት ቃል አሳመኑት። ስታለቅስ የነበረችው ሴት ሳትቀር ሁሉም ማን ይቅር፣ ማን ይሂድ ብለው መማከር ያዙ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሠላሳ ስድስት ሰው ማጭዱን ለማንሣት ወደየመንደሩ ጉዞ ጀመረ። አሥራ ሁለት ቀረ። ሽማግሌው የወንፈሉ አለቃ ሆኑ፤ ማንም አልሾማቸውም፣ ማንም አልተከራከራቸውም።

በማግስቱ ንጋት ላይ ለልጁ ውሃ አጠጥቼ፣ ቅሉን ሞልቼ አጠገቡ አስቀምጬ ወደ ፊት ግቢ ስመጣ ዓይኔን አላመንኩም። ሦስት ሰው ወንዝ ወርዶ ተመልሷል፤ ጋኑ እስከ አፉ ሞልቷል። አንድ እሳት ብቻ ይነዳል። እትየ አንድ ትልቅ ድስት ጥደው፣ አጥሚቱ ቅቤ እንዳይገባበት ይከላከላሉ፤ ረቡዕ ስለነበር ክርስቲያኑም እንዲጠጣው። አራት ጎበዞች ሁለት ሁለት ሆነው በሽተኛ ያነሣሉ፣ ያጥባሉ፣ ይመልሳሉ። ሁለት ሴቶች ጨርቅ ያጥባሉ። አንዱ ከሹሙ ፊት ፊት እየሄደ የበሽተኛውን ራስ ቀና ያደርጋል፤ ሹሙ ኪኒኑን አፉ ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ ሌላው ውሃ ያስጎነጨዋል። ቀጣይ! ወትሮ እኩለ ቀን ድረስ የሚፈጀው ኪኒን ፀሐይ ሳትበረታ አለቀ። ሹሙ ባዶ ሣጥናቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ምን ይሥሩ? የሚጮሁበት ሰው የለም! መጨረሻ ላይ አንድ አሮጌ ጎማ ስበው ተቀመጡና ሻይ ጠየቁ። አብረን በሠራንበት ጊዜ ሁሉ ሹሙ በቀን ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እትየና እኔ ጓሮ ገብተን በሳቅ ፈረስን።

አርብ ሙስሊሞቹ ለጁምዓ ሲሄዱ ክርስቲያኖቹ ቦታቸውን ሊሸፍኑ፣ እሑድ ደግሞ ሙስሊሞቹ ሊተኩ፣ ሽማግሌውና እትየ ተነጋግረው ጨርሰውታል። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ እዞራለሁ፣ አዝዛለሁ፣ እስቃለሁ፣ እቆጣለሁ። እጄ ውስጥ ያለው ሥራ ሁሉ ወደ ሌላ እጅ እየሄደ እኔ ቀለል አልኩ። አሁን ዓይኔ በሽተኛ ማየት ጀመረ፤ የማን ዓይን ቢጫ ሆነ፣ የማን ሽንት ጠቆረ፣ የማን ትኩሳት ተመለሰ። ቀድሞ ይህን ለማየት ጊዜ አልነበረኝም፤ ቆርቆሮውን ብቻ ነበር የማየው።

በዚያው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዘመድ የሌላቸው ሁለት የቀን ሠራተኞች እየተደጋገፉ መጡ። ሹሙ እንደ ልማዳቸው «አስታማሚ?» ብለው ጠየቁ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሽማግሌው ቀደሙኝ።

«መንገደኞች ናቸው ጌታው። ወንፈሉ ያስታምማቸዋል።»

ሹሙ ግራ ቀኙን አዩ። አሥራ ሁለት ሰው እጁን ጠራርጎ ቆሟል። ምን ይበሉ? «ይግቡ» አሉ! ሰማችሁ? ይግቡ! በአንድ ጊዜ ሦስት ሰው ሊያነሣቸው ተሻማ። ከማሽላ አገዳና ከሣር ዳስ ልንሠራ ወሰንን፤ ለአሥር ሰው የሚበቃ። እኔ ያን ቀን የምበላውን አላውቀውም፣ የምረግጠውን አላውቀውም። እንደ ሙሽራ ነበርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ዳሱ ውስጥ ስንት ሰሌን እንደሚነጠፍ እያሰብኩ አነጋሁት።

ስለ ልጁስ? አስቤዋለሁ፤ እንዴት አላስብም። በነጋታው ጠዋት ከቤቱ ማዕዘን ብቅ ብዬ አየሁት፤ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል። እሰየው፣ ተሻለው አልኩና ተመለስኩ። ወንፈሉ ሁሉንም ያስታምማል አይደል? ሁሉንም ሲባል እሱም አለበት። ሁለቱ መንገደኞች እንኳን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሏቸው ነው። የእኔ ልጅ የሚቀር አልመሰለኝም።

በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ለዳሱ የሚሆን ቦታ ልመርጥ ወደ ጀርባ ዞርኩ።

ጥላው ከላዩ ሄዷል። ፀሐይ ፊቱ ላይ ነው። ጋቢውን ገለጥኩት፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ምላሱ እንጨት ሆኗል። ትናንት ንጋት ላይ የሞላሁት ቅል ተጋድሞ ደርቋል። ስሙን ጠራሁት፤ ስሙ ደግሞ ስሙ አይደለም፣ የወንድሜ ነው። አልሰማኝም። ግንባሩን ስነካው እጄን አቃጠለኝ። ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። የትናንቱም የዛሬውም ኪኒን በወረቀት እንደተጠቀለለ ቁጭ ብሏል።

ጩኸቴ ግቢውን አናወጠው። ውሃ ይዘው እየሮጡ የመጡት ሽማግሌው ናቸው። ደረታቸውን ልይዝ ምንም አልቀረኝ።

«ሁላችሁም እዚህ እያላችሁ! ውሃ እንኳን? አንዲት ጉንጭ ውሃ እንኳን?»

ሽማግሌው ደንግጠው ያዩኛል። «ምን ነካሽ ልጀ? ወንድምሽ አይደለም ወይ? የእህት እጅ እያለ እኛ እንድንገባ? አላስታመመችውም፣ አቃታት ማለት አይሆንብሽም? ስድብ እኮ ነው።» ከኋላቸው ከቆሙት ሴቶች አንዷ ቀጠለች። «አንች አስታማሚው ነሽ ብለን ነው የተውነው። መንገደኛ ነው ብትይን ኖሮ ለሱማ እንሻማ ነበር።»

እዚያ ግቢ ውስጥ ከነበሩት በሽተኞች ሁሉ ማንም የሌለው እሱ ብቻ ነበር። ማንም እንዳይኖረው ያደረግኩትም እኔ ነኝ። እህት ሰጥቼ ወንፈሉን ነጠቅኩት።

«ወንድሜ አይደለም!» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አስፈራኝ። «አላውቀውም! አገሩንም ስሙንም አላውቅ! እንዳይመልሱት ብየ ዋሸሁ! የማንም ዘመድ አይደለም፣ መንገደኛ ነው!»

ሹሙ ከሕዝቡ ጀርባ ቆመው ሰምተዋል። አየኋቸው። አሁን ሁለታችንንም ያስወጡናል አልኩ፤ ያስወጡኝ፣ እሱን ግን ተሸክሜው ነው የምወጣው። ሽማግሌው ተናግሬ እስክጨርስ አልጠበቁም። መሬት ላይ ቁጭ ብለው የልጁን ራስ ጭናቸው ላይ አደረጉና በጥጥ ውሃ ያንጠባጥቡለት ጀመር። አንዷ ሴት ነጠላዋን ዘርግታ ፀሐዩን ከለለችለት። ሁለት ጎበዞች የጠፍር አልጋ ይዘው መጡ፤ የማን አልጋ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሹሙ ገቡና የተቆለፈውን ሣጥን ከፍተው ለክፉ ቀን ያስቀመጧትን በመርፌ የምትወጋ የንዳድ መድኃኒት ይዘው ወጡ። ጥቂት ብልቃጥ ብቻ ነበራቸው። የልጁን ክንድ ጠረጉ።

«እጁን ያዢልኝ» አሉኝ። ስለ ማስወጣት አላነሡም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ያ ልጅ ያለ ሰው እጅ አንዲት ደቂቃ አልዋለም። በየተራ ራሱን ይይዛሉ፣ በየተራ ያርሱታል፣ በየተራ ያገላብጡታል። እትየ ከራሳቸው ቤት ስኳርና ሎሚ አምጥተው በማንኪያ ይሰጡታል። ማሳ ላይ ሰንብተው በተራቸው የመጡት ሰዎች እንኳን ማጭዳቸውን ሳያስቀምጡ «መንገደኛው እንዴት ዋለ?» ይላሉ። እኔ ሥራዬን እሠራለሁ፤ ሆዴ ግን እዚያ ነው። ቢሞትብኝ ምን እሆናለሁ እያልኩ የሚጠጣትን እያንዳንዷን ጉንጭ እቆጥር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ኪኒን ከተሰጠ በኋላ፣ ሽማግሌው በእጃቸው ጠሩኝ። ልጁ ዓይኑን ገልጧል። ግንባሩ ቀዝቅዟል! ጣሳውን በራሱ እጅ ይዟል! ግቢው በእልልታ ቀለጠ። ሹሙ እንኳን «ዝም በሉ! በሽተኛ አለ!» ብለው ጮሁና ፊታቸውን አዞሩ፤ ሲስቁ እንዳናያቸው ነው። እኔም እልል አልኩ፣ ዘለልኩ፣ እትየን አቅፌ አሽከረከርኳቸው።

ሰዉ ወደየሥራው ሲበታተን አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልነግረው የሚገባኝ ነገር ነበር፤ ቶሎ ካልነገርኩት የሚያንቀኝ።

«እህትህ አይደለሁም» አልኩት። «በር ላይ ዋሸሁ። በውሸቴ ልገድልህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

«አውቃለሁ» አለ። ድምፁ የጎጃም ነው፣ ቀስ ያለ። «ወንድሜ ነው ስትይ ሰምቸሻለሁ። ጆሮየ ይሰማ ነበር።»

«ታዲያ ያን ሁለት ቀን ውሃ ሲጠማህ ምነው አልተጣራህ? ሰው ባጠገብህ ሲያልፍ አልነበረም ወይ?»

«ያልፉ ነበር። አንዲት ሴትዮማ ውሃ ላምጣልህ ወይ ብላኝ ነበር። እንቢ አልኋት።»

«እንቢ? ለምን?»

ጣሳውን በሁለት እጁ ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«እህት እያለችኝ ከሰው እጅ ብጠጣ አንችን ማሳፈር መሰለኝ» አለ። «ሥራ በዝቶባት ነው፣ አሁን ትመጣለች እያልሁ ጠበቅሁሽ።»

ጣሳውን ከእጁ ተቀብዬ፣ እያለቀስኩ፣ ሌላ ውሃ ልቀዳለት ተነሣሁ።